በመፀው መገባደጃ የሚያብቡ ዕፀዋት፤ ከፎገራ ሜዳ እስከ መሥሪያ ቤት ግቢ

በኢትዮጵያ የዘመን አከፋፈል መሠረት ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው የሦስት ወራት ጊዜ መፀው በመባል ይታወቃል። የዚህ ወቅት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ ማለትም እስከ ህዳር 5 ያሉት፣ ዘመነ ጽጌ የሚባሉ ሲሆን አገሪቱ በአበባ የምታሸበርቅበት ጊዜ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ስላሉት ሳምንታት ግን እምብዛም አይወራም። አደይ አበባ ሲረግፍ፣ ሣሩ ሲገረጣና የማለዳው ብርድ ሲበረታ የአበባው ወራት አለፈ ተብሎ ይታሰባል።

በደቡብ ጎንደር ዞን በወረታ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሚታየው እውነታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በርካታ ዕፀዋት ከህዳር አጋማሽ እስከ ታህሳስ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ያብባሉ፣ ፍሬያቸውን ያቀላሉ፣ ቅጠላቸውንም ይለውጣሉ። ከእነዚህ መካከል ለመናፈሻ፣ ለመንገድ አካፋይና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ የሚስማሙት የትኞቹ ናቸው? በዚህ ሥፍራ ሊተከሉ የማይገባቸውስ? ለዚህ አካባቢ ጥያቄው የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወረታ ጣና ሐይቅን በሚያዋስነው ሜዳ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በግቢ ውስጥ የተተከለ ተክል ዘር በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ የሚደርሰው ሐይቁ ዘንድ ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። አፈሩ በክረምት ውኃ የሚቋጥር፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። በህዳር ወር መንገደኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የደረሰውን የሩዝ ማሳ ሲሆን፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ደግሞ የኑግ አበባ ቢጫ ምንጣፍ ይጠብቀዋል። በዚህ ወቅት ከእነዚህ ማሳዎች ጋር በውበት የሚወዳደር መናፈሻ ማግኘት ያስቸግራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመፀው መገባደጃ ለአትክልተኛ አስቸጋሪም ምቹም ጊዜ ነው። ዝናቡ ካበቃ ሳምንታት ቢቆጠሩም ከመሬቱ በታች ያለው እርጥበት ገና አልተሟጠጠም። ጃፓንና አውሮፓን በመሳሰሉ አገሮች መፀው የቅጠል መርገፍ ጊዜ በመሆኑ ሰዎች ወደ መናፈሻ የሚጎርፉት የዛፎቹን ቀይና ወርቃማ ቅጠል ለማየት ነው። ቅጠሉ እንዲህ የሚለወጠው ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲጠነክር አረንጓዴው ንጥረ ነገር ስለሚፈርስ ነው። በጣና አካባቢ ብርዱ ይህን ያህል ስለማይበረታ ዕፀዋቱ የቀረውን እርጥበት የሚያውሉት ለአበባና ለዘር ነው። በዚህ ምክንያት ግቢን በህዳርና በታህሳስ ማስዋብ የሚፈልግ ኃላፊ የውኃ ቦቴ ከማዘዙ በፊት በተፈጥሮ በዚህ ወቅት የሚያብቡትን ዕፀዋት ለይቶ ማወቁ ይጠቅመዋል።

በአገሪቱ ከተሞች በዚህ ወቅት ጎልተው ከሚታዩት ተክሎች አንዱ ፖይንሴቲያ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን ስያሜውን ያገኘው በ1820ዎቹ በዚያ አገር የአሜሪካ መልዕክተኛ ከነበረው ጆኤል ፖይንሴት ነው። ብዙዎች አበባ የሚሉት ቀዩ ክፍል በእርግጥ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያሉት ቢጫ ጥቃቅን ፍሬ መሰል አካላት ናቸው። ቅጠሉ የሚቀላበት ምክንያት ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ግቢ ቀጥተኛ ትምህርት አለው። ተክሉ አበባ ማውጣት የሚጀምረው የሌሊቱ ርዝመት ከ12 ሰዓት ሲበልጥና ጨለማው ሳይቋረጥ ለሳምንታት ሲቀጥል ነው። በወረታ አካባቢ ሰኔ ላይ ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ የሚዘልቀው ቀን ታህሳስ ላይ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ሌሊቱ ቀኑን መብለጥ የሚጀምረው በመስከረም አጋማሽ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እስከ አሥር ሳምንት ሲቆጠር ህዳር ይገባል፤ ቅጠሉም ይቀላል። በመንገድ መብራት ሥር ወይም ሌሊቱን ሙሉ በሚበራ የጥበቃ አምፖል አጠገብ የተተከለ ፖይንሴቲያ ጓደኞቹ ቀልተው ሳለ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጨለማ ስለማያገኝ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ማዳበሪያም ሆነ ተጨማሪ ውኃ ለውጥ አያመጣም፤ መፍትሔው ተክሉን ወይም መብራቱን ማዛወር ነው።

ፖይንሴቲያ ሲቆረጥ የሚያፈሰው ወተት መሰል ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያሳክክ የሚገርዙት ሠራተኞች ጓንት ሊያደርጉ ይገባል። ሥሩ በውኃ ውስጥ መቆየትን አይወድም። በመሆኑም በዋልካ አፈር ላይ በደልዳላ መሬት ከተተከለ በክረምት መበስበሱ አይቀርም፤ ከፍ ባለ መደብ ላይ አሸዋና ኮምፖስት በተቀላቀለበት አፈር ሲተከል ግን ለዓመታት ይቆያል።

ቡገንቪሊያም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ሐረግ በ1766 እና በ1769 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ዓለምን በመርከብ በዞረው ፈረንሳዊ ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ስም ይጠራል። ወይን ጠጁ፣ ብርቱካናማውና ነጩ ቀለም የሚታየው በዚህም ላይ አበባ መሰል በሆኑ ስስ ቅጠሎች ነው። ቡገንቪሊያ ውኃ ሲበዛለት አበባውን ትቶ ቅጠል ያበዛል፤ ሲጠማ ደግሞ ያብባል። በየቀኑ የሚጠጣው ከፊት ለፊት ያለው ተክል አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላ አጥር ላይ የተረሳው በአበባ የሚሸፈነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለአጥርና ለበር ቅስት ከዚህ የተሻለ የውጭ ተክል ማግኘት ያዳግታል። እሾሁ ስለታም መሆኑን ግን ሕፃናት በሚጫወቱበት መናፈሻ ውስጥ መዘንጋት አይገባም።

እነዚህ ሁለቱ ለዓይን የሚያስደስቱ ቢሆኑም ለአካባቢው ንብና ወፍ የሚሰጡት ጥቅም ከአገር በቀሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አገር በቀሎቹን በተመለከተ ደግሞ የጣና ዙሪያ ከሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የሚለይበት ታሪክ አለው። የስኮትላንድ ተወላጁ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎንደር ገብቶ በሐይቁ ዙሪያ በተዘዋወረበት ጊዜ በርካታ ዕፀዋትን መዝግቧል። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ የመጨረሻው ቅጽ ውስጥ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ቀንጠፋ፣ ቋራ፣ ወልቅፋ፣ ዋጊኖስ፣ ቁልቋል፣ እንሰትና ደንገል ከነአገርኛ ስማቸው በሥዕል ተደግፈው ቀርበዋል። ሥዕሎቹን የሠራው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ሲሆን፣ በ1771 ጎንደር ላይ በማረፉ መጽሐፉን ሳያይ ቀርቷል፤ ብሩስም ለድካሙ የሚገባውን ዕውቅና አልሰጠውም። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛሉ። ከ250 ዓመታት በፊት ለሥዕል የተመረጡት እነዚሁ ዕፀዋት ዛሬም በአካባቢው ይበቅላሉ፤ በብዙ ግቢዎች ውስጥ ግን አይታዩም።

ከእነዚህ ቀዳሚው ዋንዛ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ማበብ የሚጀምረው ዋንዛ እንደ ሥፍራው ከፍታ እስከ ታህሳስ ድረስ ነጭ አበባ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ብሩስ በጎንደር ከተማ ዋንዛ የሌለበት ቤት እንደማይገኝ፣ ክረምቱ እንዳበቃም ዛፎቹ በአንድ ጊዜ ሲያብቡ ከተማዋ በነጭ የተሸፈነች እንደምትመስል ጽፏል። አበባው ለንብ ከፍተኛ ቀሰም ይሰጣል፣ ጥላው ሰፊ ነው፣ እንጨቱም ለቤት ዕቃ የተመረጠ ነው። ችግሩም የመጣው ከዚሁ የእንጨት ጥራቱ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር። አዋጁ በኋላ በሌሎች ሕጎች ቢተካም ዛፉ የሚፈለግበት ምክንያት አልተለወጠም። ባለ ሰፊ ግቢ መሥሪያ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ዋንዛ ቢተክል ለተገልጋይ መቀመጫ ጥላ ያገኛል። መኪና ማቆሚያ ላይ ግን ባይተከል ይመረጣል፤ ጣፋጩ ፍሬ የሚያጣብቅ በመሆኑ ሲረግፍ መኪናውን ያበላሻል።

ኮርች ሌላው የወቅቱ ዛፍ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ የብሩስን ስም ይዟል። ከመፀው መጨረሻ አንስቶ በበጋ ወራት በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የሚያወጣው ቀይ ብርቱካናማ አበባ ከሩቅ እሳት የተለኮሰ ያስመስለዋል፤ ማር የሚመጥጡ ጥቃቅን ወፎችም ከጠዋት ጀምሮ ይሰፍሩበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ጠቀሜታው ግን ቅርንጫፉ ተቆርጦ መሬት ሲተከል የሚጸድቅ መሆኑ ነው። ገበሬዎች ይህን ስለሚያውቁ ለአጥር ይጠቀሙበታል። ለግቢ አጥር በየዓመቱ አጣና የሚገዛ መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ የኮርች ቅርንጫፍ ቢተክል፣ የሚያድግና የሚያብብ አጥር ይኖረዋል። ከናይትሮጂን ጋር ባለው ግንኙነት አፈርን የሚያለማ መሆኑም ሌላ ትርፍ ነው። ቀያይ ፍሬዎቹ ግን መርዛማ በመሆናቸው በሕፃናት ማቆያና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ አይመከርም።

ቀንጠፋ ከአበባው ይልቅ ክንፍ ያለው ቀይ ፍሬው ያስውበዋል። በመፀው መገባደጃ አጥሩን የሸፈነው ቀለም ለማያውቀው ሰው አበባ ይመስለዋል። እሾሁ ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ የያዘውን አይለቅም። ይህ ባሕሪው በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ለባለሥልጣናት ትኩረት የሚስብ ታሪክ አስከትሏል። በዚያ ዘመን ንጉሥ ለጉዞ ሲነሳ በመንገዱ ያለው ቀንጠፋ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር ነበር። በ1770 መገባደጃ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ወደ ጎንደር ሲመለሱ ግን በአንድ ሥፍራ ያልተመነጠረ ቀንጠፋ ልብሳቸውን ይዞ ፊታቸውን በአደባባይ ገለጠው። ብሩስ እንደጻፈው የአካባቢው ሹም ተጠርቶ ከልጁ ጋር ወዲያው ተሰቀለ። ዛሬ ቀንጠፋን ለአጥር የሚመርጥ የግቢ ኃላፊ ከእግረኛ መንገድ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ማራቁ በቂ ይሆናል።

ከቁጥቋጦዎቹ መካከል ራስ ክምር ሊዘነጋ አይገባም። ስሙ መልኩን በትክክል ይገልጻል፤ ብርቱካናማው አበባ በግንዱ ዙሪያ እንደ ኳስ ተሰብስቦ አንዱ በሌላው ላይ እየተከመረ ወደ ላይ ይወጣል። በመንገድ ዳርና በእርሻ ድንበር ላይ ራሱን ችሎ የሚበቅል በመሆኑ እንደ አረም ይታያል፣ ይነቀላልም። ከውጭ አገር በገንዘብ የሚገዙ አበቦች ከሚደርቁበት ግቢ አጠገብ ያለ ማንም እንክብካቤ ቆሞ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ተክል ነው። ዝግጣም እንዲሁ ቢጫ አበባውን እያንጠለጠለ ለአጥር የሚያገለግል አገር በቀል ቁጥቋጦ ነው። ብሳና ደግሞ ከአበባው ይልቅ በቅጠሉ ይታወቃል። ያረጁት ቅጠሎቹ ከመርገፋቸው በፊት ደማቅ ብርቱካናማ ስለሚሆኑ ከአረንጓዴው መሐል ተለይተው ይታያሉ።

ሁሉም አገር በቀል ዛፍ ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ተጓዥ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ይሸጋገራል፤ ዕፀዋቱም አብረው ይለወጣሉ። በመፀውና በበጋ የሚያብበው፣ የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ኮሶ የዚያ ከፍታ ዛፍ ነው። ቢጫው አሜጃም የጉና ሰው ነው። የችግኝ ጣቢያዎች እነዚህን ወደ ፎገራ ሜዳ ሲያወርዱ ችግኙ የሚሞተው በእንክብካቤ ጉድለት ሳይሆን በቦታ ምርጫ ስህተት ነው። በተከላ ዘመቻ ሪፖርቶች ላይ የጸደቁና ያልጸደቁ ችግኞች ሲቆጠሩ ይህ ልዩነት መታየት ይኖርበታል።

ውብ ሆነው ሳለ በዚህ ሜዳ ላይ ፈጽሞ መተከል የሌለባቸው ተክሎች መኖራቸው ደግሞ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። ለዚህ ማስረጃ ለማግኘት ከወረታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዛሬ የጣና ሐይቅ ጠላት ተብሎ የሚታወቀው እምቦጭ በመነሻው የጌጥ ተክል ነበር። ቀለል ያለ ሐምራዊ አበባው ከላይኛው ቅጠል ላይ እንደ ጣዎስ ላባ ዓይን ያለ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፤ ውበቱን መካድ አይቻልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ግብፅን ጨምሮ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተጓዘው ለመናፈሻ ኩሬዎች ማስጌጫ ተፈልጎ ነው። በኢትዮጵያ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበ ሲሆን፣ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አረሙ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ የመብቀል አቅሙን ይዞ ስለሚቆይ አንዴ ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ወረዳዎች ቀድመው ከተጎዱት መካከል ናቸው። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ማንቀሳቀስ ተስኖታል፣ ውኃው ሲሸሽ ይገኝ የነበረው የግጦሽና የእርሻ መሬት በአረም ተሸፍኗል። አርሶ አደሮች ለዓመታት በእጃቸው ነቅለውታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ለአንድ ወር የዘለቀ ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶበታል፤ ማሽኖችም ተሰማርተዋል። አረሙ አበባውን በብዛት የሚያወጣው ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት በመሆኑ፣ ለጉብኝት የሚመጣ ሰው በዚህ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሳውን አበባ ነቅሎ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሆቴል ኩሬ እንዳይወስድ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ለኩሬ የሚሆን አገር በቀል አበባ ጠፍቶ አይደለም። በጣና ዳርና በፎገራ ረግረጋማ ቦታዎች ነጭና ሰማያዊ የውኃ አበባ በተፈጥሮ ይበቅላል። ቅጠሉ በውኃው ላይ ተንሳፎ ቢታይም ሥሩ ከታች ያለውን ጭቃ የያዘ በመሆኑ እንደ እምቦጭ በነፋስ እየተነዳ አይስፋፋም። ከዳር ደንገል ቢተከል ኩሬው የሐይቁን መልክ ይይዛል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ራሱ በሐይቁ ዳርቻ እየሳሳ በመምጣቱ በመናፈሻ ውስጥ መተከሉ ከጌጥም ያለፈ ጥቅም አለው።

በየከተማው ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎም ከእምቦጭ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ አለው። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀለም በአንድ ዘለላ ላይ የሚያሳየው ይህ ቁጥቋጦ ከሐሩራማ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከሚያሰጉ ወራሪ ዝርያዎች መካከል ይመደባል። ስሙ እንደሚያመለክተው ጥቁር ፍሬውን የሚበሉት ወፎች ናቸው፤ ዘሩንም በኩስ መልክ ከአጥር ወደ ግጦሽ መሬት ያደርሱታል። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳውም የፀሐይ ብርሃን መቋቋም ይሳነዋል። የሚቃጠለው ደግሞ ነጩ ወይም ቀለም የሌለው የቆዳ ክፍል ነው። በጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር መልኩ የሚታወቀው፣ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሲንከባከበው የቆየው የፎገራ ከብት ዝርያ መገኛ በሆነ ወረዳ ይህን ቁጥቋጦ ለጌጥ መትከል ምን ማለት እንደሆነ ለእንስሳት ሀብት ባለሙያ ማብራራት አያሻም። አጥር የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት ኮርች፣ ዝግጣና ቀንጠፋ አሉለት።

የግቢ ጽዳትም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነው። አደይ አበባ በሚለው ስም የሚጠሩት ከአንድ በላይ ዝርያዎች ሲሆኑ ዋነኞቹ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅሉ ናቸው። አበባው በጥቅምት ከረገፈ በኋላ ጥቁር መርፌ መሰል ዘሩ የሚበስለው በጥቅምት መጨረሻና በህዳር ነው። በብዙ ግቢዎች ግን ሣሩ የሚታጨደው አበባው እንደጠወለገ ነው። የቀረውም ህዳር 12 ቀን በ1911 ዓ.ም የደረሰውን የህዳር በሽታ በማስታወስ በየአካባቢው ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል ከነዘሩ አመድ ይሆናል። ከዚያም በቀጣዩ መስከረም በግቢው አደይ አለመታየቱ ያስገርማል። የግቢውን አንድ ጥግ እስከ ህዳር መጨረሻ ሳያጭዱ መተው፣ ወይም የደረቁትን አናቶች በጆንያ ሰብስቦ በሰኔ መበተን ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

የሌሎቹን ዘር ለማግኘትም ምንጩ ቅርብ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በዙሪያቸው ያለው መሬት ታርሶ ባለቀበት ዞን እነዚህ ደኖች የአገር በቀል ዛፎች የዘር ጎተራ ሆነው ቆይተዋል። ከካህናቱና ከምዕመናኑ ጋር በመነጋገር ዘር መልቀም ለከተማ ችግኝ ጣቢያ ከሩቅ አገር ከማስመጣት ይቀላል። የተለቀመው ተክል ማንነት አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ አለ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘው ይህ ሥራ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን ጨምሮ የበርካታ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ምሁራን ድካም ውጤት ነው። አገር በቀል ዕፀዋት በመናፈሻ መልክ ሲደራጁ ምን እንደሚመስሉ ማየት የሚፈልግ የከተማ ኃላፊም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙትን፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለውን የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል መጎብኘት ይችላል። ማዕከሉ ደጋ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ከዚያ የሚወሰደው አሠራሩ እንጂ ችግኙ አይደለም።

የሥራው ጊዜም በየተክሉ ይለያያል። ፖይንሴቲያ ቀለሙ ካለፈ በኋላ በበጋው መጨረሻ ተገርዞ የተቆረጠው ግንድ ለችግኝ ይውላል። የኮርች ቅርንጫፍ ዝናቡ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይተከላል። የዋንዛ ፍሬ ከጥር ጀምሮ እየበሰለ ሲረግፍ ተለቅሞ፣ ልጋግ የመሰለው ሥጋው በውኃ ታጥቦ ወጥቶ፣ ዘሩ ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ሳይቆይ በመደብ ላይ ይዘራል።